ጣት በሐረር፣ ዳኛ በአዲስ አበባ

የሰው ማንነት ከምኑ ላይ ተጽፏል ቢባል፣ የሐረር ሰው አስቀድሞ የሚያስበው መቀመጫን ሳይሆን አይቀርም። ጀጎል ውስጥ ካለ የጥንት የሐረሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። ሳሎኑ ውስጥ በቀይ አፈር የተለሰኑ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ «ነደባ» ይባላሉ። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ ነው፤ ሌላውም በዕድሜውና በዝምድናው ልክ የሚያርፍበት ስፍራ አለው። እንግዳ ጫማውን አውልቆ ሲገባ «ማን ነህ?» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም። የተቀመጠበት ይናገርለታል። ሳያውቅ ከማይገባው መደብ ላይ የወጣ እንደሆነ ደግሞ አፍ ዝም ቢልም ዓይን ዝም አይልም።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ይህ ተረት ሐረር ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ እኛ ጅቡን በደንብ እናውቀዋለንና። ግንቡ ሥር «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች የተተዉለት፣ ሌሊት ሌሊት ያለ መታወቂያ ገብቶ የሚወጣ የከተማዋ ብቸኛ ነዋሪ እሱ ነው። የቀረነው ግን ከጥንት ጀምሮ በበር ነው የምንገባው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት ግንብ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በሮቹ አምስት ነበሩ፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ስድስተኛው የኋላ ዘመን ልጅ ነው።

ከበር ላይ ማንነትን ማስረዳት ምን ያህል ፈተና እንደነበረ ከእንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ የዓረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሣ። ሐረር ሲቃረብ ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ «እንግሊዛዊ ነኝ» ማለት ይሻለኛል ብሎ ወሰነ። ባዶ እጅ እንዳይገባ ደግሞ ኤደን ካለው የእንግሊዝ ሹም ለሐረሩ አሚር የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ራሱ ጽፎ ያዘ። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ከበሩ ደረሰ፤ ጠባቂው ለአሚሩ እስኪያስታውቅ ደጅ ጠና፤ ከዚያ ገባ። አሥር ቀን ቆይቶም በሰላም ወጣ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ሰውየው እውነተኛ፣ ዜግነቱ እውነተኛ፣ ደብዳቤው ግን ሐሰተኛ ነበር። ላኪው ሩቅ ስለሆነ «በእርግጥ አንተ ነህ የጻፍከው?» ብሎ መጠየቅ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

(በነገራችን ላይ ማንነቱ የተምታታው ሰው ብቻ አይደለም። ቱሪስት ሁሉ የሚጎርፍበት «የራምቦ ቤት» የሚባለው ውብ የእንጨት ፎቅ ፈረንሳዊው ገጣሚ የኖረበት ቤት እንዳልሆነ የሚያውቀው ብዙ ነው። ቤቱ ግን መታወቂያ አይጠየቅም።)

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንዲት ጣት ልጽፍ ስለፈለግሁ ነው።

ጣቷ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ የሆኑ የአንዲት አሮጊት ናት። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ስለሚላቸው እኔም እማማ እላቸዋለሁ። ከሰባ ዓመት አልፈዋል። ሙያቸው ስፌት ነው። ስንደዶውን፣ አክርማውንና አለላውን አጠገባቸው ከምረው፣ ወስፌያቸውን ይዘው ከተቀመጡ ቀኑ የት እንደገባ አያውቁትም። ቁርዓን ያነባሉ፤ መጻፍ ግን አልተማሩም። ስለዚህ ሟቹ ባለቤታቸው ያስቀመጡላቸውን ገንዘብ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ ተቋም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ ሲያወጡ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። ጸሐፊው ሰማያዊውን የማኅተም ቀለም ይከፍታል፤ እማማ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ ይጫናሉ፤ «እህ፣ ልጆች ደኅና?» ይባባላሉ፤ ገንዘቡ ይቆጠራል። ያን አሻራ ማንም መርምሮት አያውቅም። መርማሪው ጸሐፊው ራሱ ነበር፤ ያውቃቸዋላ።

አሻራ ከጥንትም እንዲህ ነበር የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1858 በሕንድ አገር ዊልያም ኸርሸል የተባለ የእንግሊዝ ሹም የመንገድ ጠጠር ለማቅረብ የተዋዋለውን አንድ የቤንጋል ነጋዴ፣ ራጅያዳር ኮናይን፣ መዳፉን ቀለም ቀብቶ ከውሉ ጀርባ አሳተመው። ማንነቱን ለመለየት አልነበረም፤ ኋላ «አልተዋዋልኩም» እንዳይል ለማስፈራራት ነበር። ሁለት አሻራዎች እንደማይመሳሰሉ የተረዳው ዓመታት አሻራ ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ግን ሁግሊ በሚባለው አውራጃ ጡረተኞችን በጣት ማስፈረም ጀመረ፤ የሞተ ሰው ጡረታ በሕያው እጅ እየወጣ አስቸግሮት ነበር። የእማማ ነገር ከዚያ የቀጠለ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ ሕግ ደግሞ ለጣት ያን ያህል እምነት አልሰጠም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1728 ላይ፣ የዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ፊርማም ሆነ የጣት ምልክት፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር ባለቤቱን እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሕግ አውጪው የፈራው ጣቱ የሌላ ሰው እንዳይሆን ብቻ አይመስለኝም። ጣቱ የራሱ ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ እንዳይጫን ነው። ጣት ማን እንደሆንክ ይናገር ይሆናል፤ መስማማትህን ግን አይናገርም። ይህን ጉዳይ ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ማን አስታወሰው? ማንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቋሙ መዝገቡን ሁሉ አዲስ አበባ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤቱ አዛወረ። ሐረር ቅርንጫፍ ያሉት ኮምፒዩተሮች ከዚያ ወዲህ መስኮት ብቻ ሆነው ቀሩ። ነገሩ «ሪሞት ዴስክቶፕ» ይባላል፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያወጣው ዘዴ ነው። ጸሐፊው ሐረር ቁጭ ብሎ ቁልፍ ሲመታ ምቱ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ማውዙን ሲያንቀሳቅስ እዚያ ያለው ቀስት ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ደግሞ የስክሪኑ ሥዕል ተመልሶ ይመጣለታል። የሚሠራው ኮምፒዩተር እዚያ ነው፤ እዚህ ያለው ማያና ማዘዣ ነው። መዝገቡ አንድ ቦታ ይጠበቃል፤ ቅርንጫፍ ቢዘረፍ ወይም መብራት ቢጠፋ የሚበላሽ ነገር የለም። ዘዴው መጥፎ አይደለም።

ቀጥሎ የቀለሙ ሣጥን ተነሣና በምትኩ አንዲት ትንሽ የአሻራ ማንበቢያ መጣች። ከክብሪት ቀፎ ብዙ አትበልጥም፤ ባለ ዩኤስቢ ገመድ ናት፤ መስታወቷ ሥር መብራት አላት። እማማን ይዤ የሄድኩት በዚያ ሰሞን ነው።

«እማማ፣ ጣትሽን እዚች ላይ አድርጊ» አለ ጸሐፊው። (ሌላ አገር የሚያነበኝ እንዳይደነግጥ፤ ሐረር ላይ «አንቺ» ስድብ አይደለም፤ «እርስዎ» ነው የሚያኮራርፈው።)

እማማ አደረጉ። መብራቷ በራች። ስክሪኑ ግን «መሣሪያው አልተገኘም» አለ። ጸሐፊው ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። የራሱን ጣት አስቀመጠ፤ አሁንም በራች፤ አሁንም አልተገኘችም። ሦስት ሰው ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠችውን፣ የምትበራውን፣ በእጃችን የያዝናትን ዕቃ «የለችም» የሚለንን ማሽን እየተመለከትን ቆምን።

«አቦ፣ እቺውላት እኮ!» አለ አንዱ ተራ ጠባቂ።

ቴክኒሺያን ተጠራ። ወጣት ነው፤ ትዕግሥተኛም ነው፤ አስረዳን። ማንበቢያዋን ያወቃት የሐረሩ ኮምፒዩተር ነው። የሚፈልጋት ግን አዲስ አበባ ያለው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ዞር ብሎ የሚያየው የራሱን ገላ ነው፤ የራሱ ገላ ላይ ምንም አልተሰካም። ቁልፍና ማውዝ በዚያ መሥመር የሚያልፉት የተለየ በር ስላላቸው ነው። ማተሚያም በር አለው፤ ድምፅም አለው። የአሻራ ማንበቢያ ግን በር አልተከፈተላትም። ይህን ስሰማ ጀጎል ትዝ አለኝ፤ ቴክኒሺያኑም «ፖርት» የሚለውን ቃል በተናገረ ቁጥር እማማ «በሪ?» እያሉ በሐረሪኛ ይተረጉሙት ነበር። በጣም አልተሳሳቱም።

በሩን መክፈት ይቻላል። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የዩኤስቢ ዕቃን እንዳለ ወደ ሩቁ ኮምፒዩተር የማሸጋገር ብልሃት አለው። ግን በሁለቱም ወገን ያለው ኃላፊ መፍቀድ አለበት፤ የማንበቢያዋም ድራይቨር መጫን ያለበት እዚህ ሳይሆን አዲስ አበባ ባለው ማሽን ላይ ነው። ኃላፊዎች ለምን አይፈቅዱም? ለማንበቢያ የተከፈተ በር ካልተጠነቀቁ ለፍላሽም ይከፈታል፤ በፍላሽ ደግሞ ቫይረስ ይገባል። ማታ ማታ በር መዝጋት የሐረር አሚሮች ፈሊጥ ብቻ አልነበረም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ በሩ ተከፍቷል ተባለ። እማማ ጣታቸውን አስቀመጡ። ስክሪኑ ላይ የጣት ምስል ከላይ ጀምሮ መሣል ጀመረ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። «ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደገሙት፤ ያው። ሦስተኛ... ያው።

እዚህ ላይ እኔም ገረመኝ። ምስሉ እኮ ትንሽ ነው። አንድ የጣት ምስል በኢንች 500 ነጥብ ቢነሣ 100 ኪሎባይት ገደማ ቢመጣ ነው። ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚከብድ የሠርግ ፎቶግራፍ በስልካችን በደቂቃ አሜሪካ ይደርስ የለም እንዴ? ቴክኒሺያኑ ሣቀ። ጭንቁ ክብደቱ አይደለም፤ ምልልሱ ነው አለ። ዩኤስቢ የተፈጠረው ዕቃና ኮምፒዩተር ጎን ለጎን ሆነው እንዲነጋገሩበት ነው፤ በተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ደንብ የአንድ ገመድ ርዝመት ከ5 ሜትር አይበልጥም። በዚያች ገመድ ውስጥ «አለሽ? አለሁ። ዝግጁ ነሽ? ነኝ። ላኪ። ላክሁ። ደረሰሽ?» የሚል ንግግር በሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ መልስ ሲዘገይ ጠያቂው ትዕግሥት የለውም። ያን ንግግር ወስደው ከሐረር አዲስ አበባ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ዘረጉት። ግድር መጋላ ሄደው ጫማ ሲገዙ ሻጩ «ስንት ትከፍያለሽ?» ባለ ቁጥር አዲስ አበባ ላለ ሰው መልእክተኛ እየላኩ እንደመከራከር ነው። ሻጩ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ገመዱን ማስረዘም ሳይሆን ሥራውን መከፋፈል ነው። ጣቱን እዚሁ ሐረር የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ይቀመጣል፤ ምስሉን እዚሁ ይመረምራል፤ መሥመሮቹ የሚያበቁበትንና የሚገነጠሉበትን ነጥብ ብቻ ለቅሞ ከአንድ ኪሎባይት ያነሰ ማስታወሻ ይሠራል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ያ ማስታወሻ ነው። አንድ ጊዜ ተልኮ አንድ ጊዜ መልስ ይመጣል። ተቋሙም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይህንኑ አደረገ፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። የተላከው ጣት ሳይሆን ስለ ጣት የተጻፈ ደብዳቤ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዳኛ ደብዳቤውን ሲቀበል፣ በዚያች ደቂቃ የእማማ ጣት መስታወቱ ላይ እንደነበረ በምን ያውቃል? ትናንት የተላከው ተቀድቶ ዛሬ ቢላክስ? ብልሃት የላቸውም አልልም፤ ደብዳቤውን በምስጢር ቁልፍ ማሸግ፣ በየጊዜው የሚለዋወጥ ምልክት አስገብቶ የትናንቱን ውድቅ ማድረግ የታወቀ ነው። ያን ማድረጋቸውን ስጠይቅ ግን የጠራ መልስ የሰጠኝ አልነበረም። የበርተን ደብዳቤም እኮ ማኅተሙን የሚያጣራ ስላልነበረ ነው ያለፈው።

ነገሩ የፈሪ ወሬ አይደለም። ቱቶሙ ማትሱሞቶ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ከጀላቲን፣ ማለትም ከረሜላ ከሚሠራበት ነገር፣ የጣት ቅርጽ አውጥተው በርካታ ማንበቢያዎችን እንዳታለሉ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተሰብሮ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ ተሰርቋል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ሌላ ይወጣል። ጣት ቢሰረቅስ? የተሰጠን አሥር ነው፤ ተጨማሪ አይታደልም።

ወደ እማማ ልመለስ። ሦስተኛው ጉዟችን ላይ መሣሪያዋ ተገኘች፤ መሥመሩም አልተቋረጠም፤ መልሱም ወዲያው መጣ። መልሱ «የአሻራው ጥራት አነስተኛ ነው፤ ይድገሙ» የሚል ነበር።

ደገምን። በሶፍት አበስን። ጸሐፊው ቫዝሊን አመጣ። «እማማ፣ ሒና አድርገሽበታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ አንዳንድ ጊዜ ሒናው ሲጠቁር አልነበብ እንደሚል አይቷል። ጫፉ ላይ የደበዘዘ ሒና ነበር፤ ግን ጥፋቱ የሱ ብቻ አልነበረም። እኔ የእማማን እጅ ይዤ ወደ መብራቱ አዞርኩት። አውራ ጣታቸው ለስልሶ የባሕር ጠጠር መስሏል። ስድሳ ዓመት ስንደዶ ሲያጠብቅ፣ አክርማ ሲጎትት፣ የወስፌ እጀታ ሲገፋ የኖረ ጣት ነው። ማንበቢያዋ የምትፈልገው ከመስታወቱ ጋር የሚነካካ ጉብታና የማይነካካ ሸለቆ ነው፤ ብርሃኑ የሚለየው በዚያ ነው። እማማ ዘንድ ጉብታው ከሸለቆው ተስተካክሏል። ዕድሜ ደግሞ ቆዳውን አድርቆታል። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስፌት ሁሉ በዚያ ጣት ነው የተሠራው፤ የጣቱ መሥመር የሄደው እዚያ ነው።

ይህ የእማማ ብቻ ችግር አይደለም። መኪና ግርግር ያሉት ልብስ ሰፊዎች፣ ኖራ የሚያቦኩት ግንበኞች፣ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሁሉ እጃቸው የደከመበት ነው። ሕንድ አገርም የአሻራ መታወቂያ ሲስፋፋ ማንበቢያው እምቢ ያላቸው በአብዛኛው አዛውንቶችና የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። ማሽኑ በደንብ የሚያውቀው እጁን ያላሠራውን ሰው ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ብዙም አልራቅሁም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ብሔራዊ መታወቂያችን ፋይዳ፣ አሥሩንም ጣት፣ የሁለቱን ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶግራፍ አብሮ የሚወስደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጣት ቢያቅት ዓይን ይቀራል። አንዲት ማንበቢያ ገዝቶ «ሁሉም በአውራ ጣት» ያለው ተቋም ይህን አላሰበም። የሚብሰው ደግሞ ጸሐፊው ነው። ለዓመታት በስማቸው ሲጠራቸው የኖረ ሰው፣ ዛሬ ፊታቸውን እያየ «ማን መሆንሽን አላወቀም እማማ» ይላቸዋል። እሱ ያውቃቸዋል። ዕውቀቱ ግን የሚገባበት በር የለውም።

«እና የኔ ገንዘብ የማን ሆነ?» አሉ እማማ።

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ቴክኒሺያኑ ነው ያሰበው። «ቆይ፣ ስትሰፊ የማትሠሪባት ጣት የትኛዋ ናት?» አላቸው። ሁለቱ አውራ ጣትና ሁለቱ ሌባ ጣት ተሞክረው ወድቀዋል። እማማ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ልጅ አንድ በአንድ ተመለከቱና የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ነጥለው አወጡ።

«እቺ ናታ! እቺ እንኳ ወላሂ ሰነፍ ናት፤ እኛ ስንሠራ ቀና ብላ የምታይ።»

መስታወቱ ላይ አኖሯት። በአንድ ጊዜ አለፈች።

ገንዘቡ ተቆጠረ። ቴክኒሺያኑ ለመጠባበቂያ ሌላ ጣት ይመዝገብ ብሎ የቀሩትን አምስቱን አስሞከራቸው፤ አንዳቸውም አላለፉም። ባለፈው ሰሞን ቤታቸው ስሄድ እማማ ከነደባው ላይ ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት በነጭ ጨርቅ ጠቅልለዋታል። ተወጉ እንዴ ብዬ ብጠይቅ፣ «የለም፤ የወሩ መጨረሻ ስለደረሰ ነው» አሉኝና አለላውን ሳብ አደረጉት።